የኦቦ ገመቹ ምርቃት

እኛ ቤት ኩሽና ውስጥ ከሌሎቹ ተለይቶ በምስማር የሚንጠለጠል አንድ ቢላዋ አለ። መልክ የለውም። ጀርባው ወፍራም፣ እጀታው ከወይራ እንጨት የተጠረበ፣ ከስለቱ በቀር ሌላው አካሉ ሁሉ የጠቆረ ነው። የገበያ ቢላዋዎች እየመጡ ይደነዝዛሉ፣ እጀታቸው ይወልቃል፣ ይጣላሉ። እሱ ግን እዚያው ምስማሩ ላይ ነው። ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለእረፍት ሰበታ ስመጣ፣ ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ እማዬ ሽንኩርትና ይህንን ቢላዋ አስያዘችኝ። የመጀመሪያውን ሽንኩርት ለሁለት ስከፍለው የግራሶና የጋለ ብረት ሽታ የመጣብኝ መሰለኝ። ሽታው ከቢላዋው ይሁን ከልጅነቴ እርግጠኛ አይደለሁም። ይህ ቢላዋ፣ ቢላዋ ከመሆኑ በፊት የመኪናችን ባሌስትራ ነበር።

ልጅ እያለሁ አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ተሳቢ ይዞ ጅቡቲ ይመላለሳል። እኔ አባቴን የማውቀው በናፍጣ ሽታ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ በሚመጣ ቴምርና በአንድ ሰማያዊ ሻንጣ ነበር። ሻንጣው ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ከወረደ አባዬ ሊሄድ ነው ማለት ነው። ሻንጣው ሳሎን መሃል ሲቀመጥ እንደ ክፉ ውሻ በሩቁ ዞሬው አልፍ ነበር። «መቼ ነው የምትመጣው?» ስለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ሳታስቢው።» እኔ ደግሞ ቶሎ እንዲመጣ ብዬ ላለማሰብ እሞክር ነበር። የእኔ እኩዮች፣ በተለይ የሹፌር ልጆች፣ ይህ ነገር የሚገባችሁ ይመስለኛል።

ሦስተኛ ክፍል ስገባ አባዬ ተሳቢውን ተወ። ሐሳቡ የእማዬ ነበር። እማዬ ወደ ተፍኪ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ የዶሮ እርባታ ውስጥ ትሠራ ስለነበር፣ እንቁላል ከእርባታው ተረክቦ ለዳቦና ለኬክ ቤቶች የሚያደርስ ሰው እንደሚፈለግ ታውቃለች። አሮጌ ፒክአፕ ገዙ። ፒክአፗ ለእኛ ከመሸጧ በፊት የግንባታ ድንጋይ ስትጭን የኖረች ነበረች። የኋላዋ የተቦጫጨቀ፣ ጋቢናዋ ውስጥ ሲሚንቶ ሲሚንቶ የሚሸት ነበር። እማዬ በኦሞ አጠበቻት፤ እኔ በሮቿን በጨርቅ ወለወልኩ። አባዬ ሻንጣውን ቁም ሳጥኑ ላይ ሲሰቅል አይቼ ወደ ደጅ ሮጥኩና ለጓደኞቼ «አባዬ ከእንግዲህ የሚያድረው እዚህ ነው!» ብዬ አወራሁ።

ነገር ግን እንቁላሉ ይሰበር ነበር።

ከእርባታው እስከ ዋናው አስፋልት ያለው መንገድ ኮረኮንች ነው። ከዚያ በዓለም ገና ወጥተን፣ በአየር ጤናና በአስኮ ዞረን ቡራዩ እንደርሳለን። ቡራዩ ላይ እንቁላሉን የሚረከቡን እትዬ ዘይነባ የሚባሉ የኬክ ቤት ባለቤት ነበሩ። ሸራው ሲገለጥ ከታች ያሉት ካርቶኖች ረጥበው፣ አስኳሉ በመኪናው ወለል ላይ ቢጫ መንገድ ሠርቶ ይገኛል። እማዬ ከሥር ጭድ ነሰነሰች፣ አሮጌ ፍራሽ አነጠፈች፣ ብርድ ልብስ ጨመረች። አባዬ በኮረኮንቹ ላይ ከእግረኛ ባነሰ ፍጥነት ነዳ። ያም ሆኖ ይሰበራል። ከተሰበረው የተረፈውን እኛ እንበላዋለን። ጠዋት እንቁላል፣ ለምሳ ዕቃዬ የእንቁላል ዳቦ፣ ማታ እንቁላል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ለጎረቤታችን ለሙስሊሞቹ ቤተሰብ በሳህን እየተሸፈነ ይሄዳል። በኋላ በኋላ የእነሱም ልጆች ሳህኑን ሲያዩ መደበቅ ጀመሩ።

ከሁሉ የከፋው ስሙ ነበር። ሰበታ ታክሲ ተራ ላይ ያሉ ሹፌሮች አባዬን «አባ ሀንቃቁ» አሉት። ሀንቃቁ በኦሮምኛ እንቁላል ነው። ጅቡቲን እንደ ጓሮው የሚያውቅ ሹፌር ፍራሽ ላይ እንቁላል አስተኝቶ ቀስ እያለ ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፉለታል።

«አባ ሀንቃቁ! ቀስ በል፣ እንዳይነቁብህ!»

«ብርድ ልብሱን አልብሳቸው እንጂ፣ ሊበርዳቸው ነው!»

አባዬ እጁን አውጥቶ ሰላም ይላቸዋል፤ ይስቃል። ጋቢናው ውስጥ መሃል ላይ የምቀመጠው እኔ ግን ሳቁ ከአስፋልቱ ሳንወጣ ሲጠፋ አያለሁ።

ወሩ ጥር ነበር፤ የሠርግ ወር። አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ ሸራውን ራሳቸው ገለጡ። ቀይ ሻርፓቸውን ወደ ኋላ መለስ አደረጉና የረጠቡትን ካርቶኖች አዩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እኔን ሁልጊዜ ከኬኩ ቁራጭ ያቀምሱኛል።

«ታደሰ፣ ወንድሜ» አሉት አባቴን፣ «እኔ የሰው ሠርግ ይዣለሁ። ሙሽራ ኬክ የለም ተብሎ አይጠብቅም። ከሱሉልታ የሚያመጣ ሌላ ልጅ እየለመነኝ ነው። ለእናንተ ብዬ ነው እምቢ ያልኩት። የሚመጣው ጭነት እንዲህ ከሆነ ግን አልቀበልም። እንዳትቀየሙኝ።»

«ልክ ነዎት» አለ አባዬ።

ወደ ሰበታ ስንመለስ፣ ዓለም ገና ስንደርስ አባዬ መሪውን እያየ፣ የድሮው አለቃው እንደደወለለትና አንድ ተሳቢ ሹፌር እንደሌለው ነገራት። እማዬ ወዲያው «መኪናዋን ሳናስመረምር የትም አትሄድም» አለችው። እኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። እንቁላሉ ከተሰበረ ሻንጣው ይወርዳል።

ኦቦ ገመቹ ዓለም ገና ከመንገዱ ዳር ጋራዥ ነበራቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ አባዬም እማዬም አንቱ ይሏቸዋል። ግቢያቸው የናፍጣና የተቃጠለ ጎማ ሽታ ነበረው፤ ለእኔ ግን ገነት ነበር። ከአሮጌ ኩሽኔታ ውስጥ የሚወጡትን የብረት ብዮች ይሰጡኛል። ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ውስጥ የብረት ብይ ያለው ልጅ ምን ያህል እንደሚከበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የእኔዋ የብረት ብይ፣ የመስታወት ብይ የነበራቸውን ወንዶች ሁሉ አስለቅሳለች።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ!» ብለው፣ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሰላም አሉኝና ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ድምፃቸው ከታች መጣ። «ታደሰ! ይሄ ባሌስትራ ድንጋይ ሲሸከም ኖሮ ዋናው ተሰንጥቋል። አሞርዛተሩም ሞቷል። ሁሉም ይቀየር።»

ባሌስትራ ቀስት የመሰሉ ረጃጅም ብረቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው የሚሠራ ነው። መንገዱ ሲጎረብጥ እነሱ ይታጠፉና ጭነቱን ያድናሉ። አሞርዛተር ደግሞ ባሌስትራው እንዳይጨፍር ይይዘዋል። ይህን ያስተማሩኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ከመኪና ሥር እግራቸው ብቻ እየታየ።

የዚያን ቀን ራት ላይ ክርክር ሆነ። አባዬ «ታይዋንም ትሠራለች» ይላል። «ግማሹ አገር በታይዋን ነው የሚሄደው።»

«ታይዋን እኔ ቤት አትገባም!» አለች እማዬ እንጀራውን እየቆረሰች።

«ኧረ አስቴር፣ መቼ ሞከርሻትና?»

«አልሞክራትም! ያልታመነች ነገር ይዘህ መጥተህ መንገድ ላይ ልታስቀረን ነው? ወይ እሷ ወይ እኔ!»

አሁን ስጽፈው እስቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ጉርሻዬን ወደ ሳህኑ መለስኩ። የመኪና መለዋወጫ የራሱ የፋብሪካው ከሆነ ኦርጅናል፣ ሌላ ቦታ ተመስሎ የተሠራ ከሆነ ከየትም ይምጣ ከየት ታይዋን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ታይዋን የምትባል ሴት አለች ብዬ አመንኩ። አባዬ ጅቡቲ መንገድ ላይ ያገኛት፣ ግማሹ አገር አብሯት የሚሄድ ሴት! ሌሊቱን ሙሉ መልኳን ስስል አደርኩ። ቀይ፣ ረጅም፣ የወርቅ ጥርስ ያላት አደረግኋት።

ቅዳሜ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይዘውኝ ሄዱ። ብረት በብረት ላይ የተሰቀለበት ጠባብ ሱቅ ገባን። ሻጩ ጎልማሳ ነበር፤ አፉ እንደ እጁ ፈጣን።

«ባሌስትራ? አለ። ኦርጅናልም አለ፣ ታይዋንም አለች። ታይዋን ውስጥ ናት፣ ልጥራላችሁ?»

የእማዬን ነጠላ ይዤ ከኋላዋ ተሸጎጥኩ። ሰውዬው ወደ ጓዳ ገባና ጥቁር ብረት ተሸክሞ ወጣ፣ መሬት ላይም ጣላት፤ ጓ! አለች። ከነጠላው ሥር አንገቴን አውጥቼ አየኋት። ታይዋን ይህች ነበረች። እንደዚያ ቀን ብረት ወድጄ አላውቅም።

«የእኔ እናት» አላት ሻጩ እማዬን፣ «ይቺ ከኦርጅናሉ የምትለየው በስሟ ብቻ ነው።»

«ሰውም ከሌባ የሚለየው በስሙ ነው» አለችው እማዬ።

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሻጩም ሳቀ። አባዬ ግን ቁም ነገረኛ ሆኖ ሁለቱንም በመፍቻ እያንኳኳ፣ ድምፃቸውን ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጥ ነበር። በመጨረሻ ተስማሙ። ባሌስትራው በእማዬ ፍላጎት ኦርጅናል ሆነ። አሞርዛተሩ በአባዬ ፍላጎት ታይዋን ሆነ፤ አባዬ በተሳቢው ዘመን ራሱ ሞክሮት ያውቀዋልና። ኦርጅናሉ ውድ ነበር። ለጥምቀት የታሰበልኝ ቀሚስ በዚያው ቀረ፤ ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ባሌስትራው እግሬ ሥር ነበር። በአዲስ ቅባት የተለወሰ፣ ጣት የሚያጠቁር።

ኦቦ ገመቹ ቀኑን ሙሉ ሠሩ። ከመኪናዋ ሥር ሲወጡ ግንባራቸው ላብ፣ ፊታቸው ደስታ ነበር። አባዬን በትከሻው ያዙትና «በል እንግዲህ» አሉት፣ «ከድሮው መሃል አንድ ደህና ብረት አግኝቼ ጨምሬልሃለሁ። ዋጋ የለውም፣ ምርቃት ነው! አሁን ድንጋይ ብትጭን፣ ቤት ብትጭን ንቅንቅ አትልም።»

ምርቃት እምቢ አይባልም። ሽንኩርት ሻጯ የጨመረችልንን አንድ ራስ መልሰን አናውቅም፤ ሽማግሌ በላቡ የጨመረውንማ እንዴት ተደርጎ? አባዬ ጎንበስ ብሎ አመሰገናቸው። እማዬም «እጅዎ ይባረክ» አለች። በእኛ አገር ባሌስትራ የሚጨመርበት መኪና እንጂ የሚቀነስበት መኪና ታይቶ አይታወቅም። መኪና ሁሉ ከአቅሙ በላይ ስለሚጭን፣ መካኒኩ ሳይጠየቅ አንድ ብረት ይጨምራል። ማንም ልክ አይደለም ሊል አልቻለም።

በማግስቱ ለሙከራ ጥቂት ካርቶን እንቁላል ከእርባታው ጭነን በኮረኮንቹ ወጣን። መኪናዋ እንደ ጥጃ ዘለለች። አስፋልቱ ዳር ቆመን ሸራውን ስናነሳ ያው ቢጫው መንገድ ተዘርግቶ ነበር።

አባዬ በእግሩ ጎማውን መታ። «ኦርጅናል ነው ያልሽኝ!» አለ። በሕይወቴ እማዬ ላይ ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እማዬ የተሰበረውን ከደህናው እየለየች በሳህን ታስቀምጥ ነበር፤ እጇ እስከ ክንዷ ቢጫ ሆኖ። ቤት እንደደረስን አባዬ ወንበር ላይ ወጣና ሰማያዊውን ሻንጣ አወረደ። አቧራውን በእጁ ጠረገለት። እኔ የብረት ብዮቼን ይዤ አልጋ ሥር ገባሁ፣ ለራትም አልወጣሁም።

ሻንጣው ሳሎን መሃል ተቀምጦ ሳለ እማዬ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው። «የእትዬ ዘይነባ ጭነት ሳይደርስ ትንሽ ትንሽ ለሰበታ ሱቆች እናድርስ። ከዚያ ብትሄድም ሂድ።» አባዬ እሺ አለ። እኔም ትምህርት ቤት ስላልነበረ አብሬ ሄድኩ። ከእርባታው ስንወጣ አንድ የተፍኪ ገበሬ፣ የአባዬ ትውውቅ፣ መንገድ ዳር የሽምብራ ጆንያ ከምሮ ቆሟል። ሽምብራ የሚታጨድበት ጊዜ ነበር፤ ሜዳው ሁሉ የደረቀ ጭድ ይሸታል። «ወንድሜ፣ እስከ ሰበታ ገበያ አድርሰኝ» አለው። አባዬ ምን ቀረብኝ ያለ ይመስል «ጫነው» አለ። ጆንያዎቹ ከፊት፣ እንቁላሎቹ ከኋላ ሆኑ። መኪናዋ ዝቅ አለች። በኮረኮንቹ ላይ ስንሄድ አልዘለለችም፤ ወዝ ወዝ እያለች እንደ ጀልባ ሄደች። እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሰበታ ደርሰን ሸራው ሲገለጥ አንድም እንቁላል አልተሰበረም።

አባዬ ካርቶን እያነሳ ከሥሩ ያያል፣ ሌላ ያነሳል። ገበሬው ጆንያውን ሲያወርድ አባዬ «ሽምብራህ የተባረከ ነው መሰለኝ» አለው። ሰውየው ግራ እንደገባው አባዬን ጨብጦ ሄደ።

አባዬ ነገሩ የገባው መሰለው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የፒክአፗን ወለል በድንጋይ ሞላው። «ክብደት ነው የምትፈልገው» ይላል፣ እያላበው። «ድንጋይ አብረን እንጭናለን፣ በቃ!» ታክሲ ተራ ስናልፍ ሹፌሮቹ ያዩትን ማመን አቃታቸው።

«አባ ሀንቃቁ! ድንጋዩን ማን ሊፈለፍለው ነው?»

«ዶሮዎቹ እልህ ይዟቸው ድንጋይ ጣሉ እንዴ?»

እኔ ጋቢናው ውስጥ ተንሸራትቼ ወደታች ገባሁ። እማዬ ግን አልሳቀችም፣ አላፈረችምም። አፏ ውስጥ የሆነ ነገር እንደምታላምጥ ሁሉ ታስብ ነበር። ድንገት «አቁም» አለችው።

«ምን ሆንሽ?»

«አቁም ብዬሃለሁ፣ ታደሰ። ይህን ድንጋይ የምንጭነው ለምንድን ነው?»

«እንቁላሉ እንዳይሰበር ነዋ!»

«አይደለም። ለኦቦ ገመቹ ብረት ነው የምንጭንለት። እሳቸው ለድንጋይ ብለው የጨመሩትን ብረት ለማስደሰት ዕድሜ ልካችንን ድንጋይ ልንሸከም ነው? ምን እንደምንጭን እኮ ማንም አልጠየቀንም! እኔ ኦርጅናል አልኩ፣ አንተ ታይዋን አልክ፣ እሳቸው ጠንካራ አሉ፤ ጠንካራው ደግሞ ለቀላል ጭነት አይታጠፍም። የምንጭነው እንቁላል ነው!»

አባዬ መሪው ላይ ተደገፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እውነትሽን ነው» አለ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ተለወጠ። «ግን ምርቃት ይመለሳል እንዴ? በምን አፌ ነው የምነግራቸው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች እማዬ።

ኦቦ ገመቹ ሲሰሙ የያዙትን መፍቻ አስቀመጡ። ቅር ሲላቸው አማርኛው ይጠፋቸዋል፤ ለረዳታቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩና ወደኛ ዞሩ። «እኔ ከልቤ ነው የጨመርኩት። ሰው ምርቃት ሲመልስ አይቼ አላውቅም። ዛሬ ይፍቱልን ትሉኛላችሁ፣ ነገ መኪናዋ ብትወድቅ ገመቹ ነው የሠራት ይባላል።»

አባዬ መሬት መሬት አየ። እማዬ ግን ወደሳቸው ቀረብ አለች።

«ኦቦ፣ ምርቃትዎን ማን መለሰ? እኛማ ልንወስደው ነው የመጣነው። መኪናዋ ሥር ሆኖ ማን ያየዋል? ፈተው ይስጡኝና ቀጥቃጭ ጋ ወስጄ ቢላዋ አሠራዋለሁ። እጀታውን ደግሞ እርስዎ ይጥረቡልኝ። ሽንኩርት በከተፍኩ ቁጥር አነሳዎታለሁ።»

ሽማግሌው ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ ከሆዳቸው የወጣ ሳቅ ሳቁ። «ታደሰ፣ ይቺን ሴት ከየት አመጣሃት? ቶሌ! እሺ! ክሪኩን አምጡ!»

ብረቱ ወጣ። ረጅም፣ ዝገት የለበሰ፣ በአንድ በኩል በሌላ ብረት ተፍቆ ያበራ። እንድይዘው ሰጡኝ፤ ክብደቱ ወደ መሬት ጎተተኝ።

የእትዬ ዘይነባ ጭነት በማግስቱ ነበር። ያን ጠዋት ሻንጣው አሁንም ሳሎን መሃል ነበር፤ እኔ በዳር በዳር ዞሬው ወጣሁ። ከእርባታው እስከ አስፋልቱ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ሦስታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን፤ ከኋላ ምንም አይሰማም። ታክሲ ተራ ላይ ጥሩምባው ሲነፋ አባዬ እጁን እንኳ አላወጣም። አየር ጤና፣ አስኮ፣ ከዚያ ቡራዩ። የፍጥነት መቀነሻዎቹን መኪናዋ ጎንበስ ቀና እያለች ታልፋቸዋለች፤ እንደ ጨዋ ሰው።

እትዬ ዘይነባ በራፉ ላይ ቆመው ነበር። አጠገባቸው ሁለት ሠራተኞች፣ ከውስጥ የቫኒላና የቅቤ ሽታ። ሸራውን ራሳቸው ገለጡ። የላይኛውን ካርቶን አነሱ፣ ሁለተኛውን፣ ከዚያ እጃቸውን እስከ ታችኛው አስገቡ። ወለሉ ደረቅ ነበር። አንድ ስንጥቅ ያለበት እንቁላል አወጡና ወደ ፀሐይ አነሱት።

«ይሄስ?»

አባዬ ቀለሙ ተለወጠ። «እሱማ...»

«ይሄማ ዶሮዋ ራሷ ስትጥለው የሰነጠቀችው ነው» አሉ፤ በሳቅ ፈነዱ። «ግባ ታደሰ! አስገቡት! ያንን የሱሉልታ ልጅ ዛሬ ደውዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን በደንብ አላስታውስም፤ አፌ በኬክ ተሞልቶ ነበር። የማስታውሰው ቤት ስንደርስ ነው። አባዬ ምንም ሳይናገር ወንበር ላይ ወጣ፣ ሻንጣውንም ወደ ቦታው መለሰው፤ ከግድግዳው ጋር እስኪጣበቅ ድረስ ወደ ኋላ ገፋው። እኔ ደጅ ወጥቼ የብረት ብዬን ለጎረቤታችን ልጅ በነጻ ሰጠሁት። «ምርቃት ነው» አልኩት።

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። ያ ኮረኮንች አብዛኛው አስፋልት ሆኗል። ሶማሌ ተራ ባለፈው ከአባዬ ጋር ስሄድ አንድ ወጣት ሻጭ «ታይዋን» የሚለውን ቃል እንኳ አልተጠቀመም፤ «ሀይ ኮፒ ነው፣ ከኦርጅናል ይበልጣል» አለን። አባዬ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ደግሞ ሻጩን ምን እንደምንጭን ነገርኩት። ኦቦ ገመቹ እጃቸው ስለደከመ ጋራዡን ልጃቸው ይዞታል፤ እሳቸው በራፉ ላይ ተቀምጠው ያዛሉ። ሲያዩኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ትምህርቴ አይደለም፤ «ቢላዋው ይቆርጣል?» ነው የሚሉት። ፒክአፗ አሁንም አለች። ከኋላዋ ላይ አባዬ በትልልቅ ፊደል አጽፎባታል፦ አባ ሀንቃቁ። ጥሩምባ የሚነፉለት ሹፌሮች አሁንም ይነፋሉ፤ አሁን ግን አስፋልቱ እስኪያልቅ ሳቁ ከፊቱ አይጠፋም።

እኔም እንደ እማዬና አባዬ ለመሆን እሞክራለሁ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ቀላል አልነበረም። አንድ ትምህርት ሊጥለኝ ሲል፣ ጓደኞቼ ሁሉ ካጠኑበት መንገድ ወጥቼ ለራሴ የሚሆነውን ስፈልግ፣ ድንጋይ በተሞላ መኪና ውስጥ «አቁም» ያለችውን ሴት አስብ ነበር። አልወደቅሁም። እስከ መጨረሻውም አልወድቅም፤ ይህን ለራሴ ነግሬዋለሁ። እትዬ ዘይነባ የምርቃቴን ኬክ ከወዲሁ ይዘውልኛል። እንቁላሉን ማን እንደሚያደርስ ይታወቃል። ኬኩ በምን እንደሚቆረጥም እማዬ ወስናለች፤ ሽንኩርት እንዳይሸት ቀድማ በሎሚ ልታጥበው ነው።

ነገ እመለሳለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ልብሴን የያዝኩበት ያ ሰማያዊ ሻንጣ ነው፤ ጥጎቹ ተልጠዋል፣ ዚፑ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። አሁን ሳሎን መሃል ተቀምጧል። የዛሬውን ሽንኩርት ከትፌ ጨርሼ፣ ቢላዋውን አጥቤ ምስማሩ ላይ ስሰቅለው አባዬ ከውጭ ገባ። ሻንጣውን አየው። በዳር ዞሮት አለፈና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«መቼ ነው የምትመጪው?» አለኝ።

«ሳታስበው» አልኩት።